ፊዚክስ ተምራችሁ የት ትሠራላችሁ? ያለፍኩበትን ልንገራችሁ

ፊዚክስ ሊማር ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «ተመርቀህ ምን ልትሆን ነው?» የሚለው ነው። ሕክምና የተማረ ሐኪም፣ ሕግ የተማረ ጠበቃ ይሆናል፤ መልሱ ዝግጁ ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ ወይም የምድር ሳይንስ ለሚማር ግን «አስተማሪ» ከማለት በቀር ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣ ነገር የለም። እኔም ስጠየቅ የረባ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የካንሰር ሕሙማን በጨረር በሚታከሙበት ክፍል የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ከዚያ በፊት የፋብሪካዎችና የመሥሪያ ቤቶች ሚዛንና ቴርሞሜትር ልክነቱ በሚረጋገጥበት የካሊብሬሽን ቤተ ሙከራ ነበርኩ። ትምህርቱን ስጀምር ሁለቱም ሥራዎች መኖራቸውን አላውቅም ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ የምጽፈውም እሱን ለመናገር ነው። በዚህ ዘርፍ ሥራ የሚያስገኘው ከዲግሪው ስም ይልቅ በእጃችሁ የሠራችሁበት መሣሪያና አጥርታችሁ የያዛችሁት ዘዴ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ፊዚሲስት» የሚል ቃል ብትፈልጉ ጥቂት ታገኛላችሁ። «ክሮማቶግራፊ የሚያውቅ»፣ «የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ»፣ «የጨረር ደህንነት ኃላፊ»፣ «ዳታ ተንታኝ»፣ «የሶላር ሲስተም ንድፍ አውጪ» የሚለው ግን ሞልቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ልጆች ናቸው፤ በራቸው ላይ ስለማይጻፍ ነው የማይታዩት።

ስለ ትምህርቱ ልጀምር። የመጀመሪያው ዓመት በስም የፊዚክስ ይሁን እንጂ በግብር የሂሳብ ዓመት ነው። ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ ያልጨበጠ ተማሪ ሁለተኛው ዓመት ላይ ኤሌክትሮማግኔቲዝም ሲመጣ ይንገዳገዳል፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ኳንተም ሜካኒክስ ሲመጣ ይወድቃል። ብዙዎች ፊዚክሱ ከበደን ይላሉ፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩ የከበዳቸው ሂሳቡ ነው። ደስ የሚለው ነገር አንድ እኩልታ አንዴ ከገባችሁ ብዙ ቦታ መልሳችሁ ታገኙታላችሁ። የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር መበስበስ፣ የካፓሲተር ባዶ መሆን፣ የመድኃኒት ከደም ውስጥ መጥፋት፣ የሞቀ ነገር መቀዝቀዝ በመጀመሪያ ግምት ሁሉም አንድ ዓይነት ቀመር ናቸው። የሚለወጠው የፊደሎቹ ትርጉም ነው። እኔ ፈተና ላይ ከረዳኝ ነገር ሁሉ የሚበልጠው ደብተሩን ዘግቼ ቀመሩን ከመነሻው በባዶ ወረቀት ላይ ማውጣት ነበር። አሰልቺ ነው። ሌላ ግን ያየሁት አቋራጭ የለም።

ቤተ ሙከራው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

አብዛኛው ተማሪ የላብ ሰዓትን የሚያየው እንደ ግዴታ ነው። መመሪያው ላይ ያለውን መከተል፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ማግኘት፣ ሪፖርት ማስገባት። የስበት ፍጥነትን ለክቶ 9.8 ካልመጣለት ቁጥሩን ትንሽ «የሚያግዝ» ልጅ በየክፍሉ አለ። ይህ ልማድ ነው ኋላ ላይ ሰውን ለሥራ የማያበቃው። በሥራ ዓለም የትኛውም መጽሐፍ መልሱን ቀድሞ አይነግራችሁም፤ ያላችሁ የለካችሁት ቁጥርና በዚያ ቁጥር ላይ ምን ያህል መተማመን እንደሚቻል የሚናገር የስህተት ወሰን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኦፔራ የተባለው የጥናት ቡድን ጄኔቫ አጠገብ ካለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ከሰርን ተነስተው 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመሬት በታች ተጉዘው ኢጣሊያ ግራን ሳሶ የሚደርሱ ኒውትሪኖ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን ቀድመው ደረሱ የሚል ውጤት አወጣ። ልዩነቱ 60 ናኖሰከንድ ገደማ ነበር። ልኬቱ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተደግሟል፤ ስታቲስቲክሱ እንከን አልነበረውም። በመጨረሻ ዋናው ጥፋት የተገኘው በደንብ ያልጠበቀ የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል ላይ ነው። መደጋገም የማያጠፋው ስህተት አለ፤ አንድ ሺህ ጊዜ ብትለኩ አንድ ሺህ ጊዜ በዚያው አቅጣጫ ያሳስታችኋል። ከዚህ ታሪክ እኔ የምወደው ግን ሌላውን ክፍል ነው፤ ቡድኑ ውጤቱን ሲያወጣ «አንስታይን ተሳሳተ» ብሎ አላወጀም፤ ጥፋቱን ፈልገን አጣነው፣ እናንተም ፈልጉልን ነው ያለው። ጥሩ የላብ ሪፖርት ማለት ይህ ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክት መምረጫው ጊዜ ሲደርስ ብዙዎቻችን የኮስሞሎጂና የጥቁር ጉድጓድ ርዕስ ላይ ተሻማን። የዚያ አማካሪ ተማሪ ስለሞላባቸው እኔ ምድር ቤት ወዳለው የጨረር መለኪያ ክፍል ተመደብኩ። ብልህ ምርጫ አድርጌ ነው ብላችሁ ዋሸሁ ማለት ነው፤ ዕጣው ነው የጣለኝ። እዚያ የነበረው ሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ያለው የጋማ ጨረር መለኪያ ነበር፤ ያረጀ ግን የሚሠራ። ክፍሉን የሚጠብቁት ቴክኒሺያን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ናሙናዬን ይዤ ስገባ አዩኝና፣

«ልጄ፣ መጀመሪያ ምንም ሳታስገቢበት ለኪ» አሉኝ።

«ምንም ከሌለበት ምን ይለካል?»

«እሱን ነው የምታዪው።»

ባዶው መለኪያ ሌሊቱን ሲቆጥር አድሮ ጠዋት ስክሪኑ ላይ 1461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ጉብ ያለ ነገር ታየ። ከግድግዳው ነው። ሲሚንቶና አሸዋ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ነው የሚያበራው። «ይሄ ጓደኛሽ ነው» አሉኝ፤ «ክፍሉ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ መለኪያው ይንሸራተታል፤ ይሄ ጉብታ ግን የት መቀመጥ እንዳለበት ታውቂያለሽ። እሱ ከቦታው ከሸሸ ሌላውም ሸሽቷል ማለት ነው።» ከዚያ ሲዚየም 137ን በ662፣ ኮባልት 60ን በ1173 እና በ1332 አስተካከልን። የእኔ ፕሮጀክት የአፈር ናሙና ነበር፤ ከሳይንስ አንጻር አዲስ ነገር አልተገኘበትም። ሥራ ያስገኘልኝ ግን እሱ ነው፤ የተማርኩት ኮስሞሎጂ አንድ ፈተና ላይ ብቻ ነበር ያገለገለኝ።

ኮስሞሎጂን እያጣጣልኩ አይደለም። ያን ርዕስ የያዘው የክፍል ጓደኛዬ ሲሙሌሽኑን በፓይተን ሲጽፍ ነው የከረመው። አሁን ኢንሹራንስ ውስጥ የአደጋ ስጋት ያሰላል። እሱን ያስቀጠረው ጥቁር ጉድጓዱ አልነበረም፤ ኮዱ ነበር። የሚጠቀምበት ዘዴ ሞንቴ ካርሎ ይባላል፤ በ1940ዎቹ አሜሪካ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሂሳብ ሊቆቹ ኡላምና ፎን ኖይማን ኒውትሮኖች በቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዙ በዕድል ቁጥሮች ለማስላት ያዳበሩት ነው። እኔም ጨረር በሰውነት ውስጥ የት ላይ ኃይሉን እንደሚጥል ለማወቅ የምጠቀመው ያንኑ ነው። እሱ ገንዘብ ይቆጥርበታል፣ እኔ ግሬይ፣ ማለትም የጨረር መጠን።

ካሊብሬሽን ቤተ ሙከራ ልቀጠር የሄድኩ ቀን ፈታኙ አንድ ቴርሞሜትር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይህ 25.3 ይላል፤ እውነት መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለኝ። ጥያቄው ይኸው ነበር፤ ሌላው ሁሉ የሱ ዝርዝር ነው። ከምን ጋር ተነጻጸረ? የተነጻጸረበትስ ከምን ጋር? ሰንሰለቱ እስከ ዓለም አቀፉ መስፈሪያ ድረስ ይሄዳል። ለኪሎግራም ይህ ሰንሰለት ከ1889 ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ውስጥ በተቀመጠ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ሲሊንደር ላይ ያበቃ ነበር። ከግንቦት 2019 ወዲህ ሲሊንደሩ ጡረታ ወጥቶ ኪሎግራም የኳንተም ሜካኒክስ መሠረት በሆነው በፕላንክ ቋሚ ቁጥር ተተርጉሟል። ኳንተም ሜካኒክስ ለፈተና ብቻ የሚጠና የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ የዓለም ሚዛን ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ነው።

በዚያ ሥራ የተማርኩት የመጀመሪያው ዓመት ፊዚክስ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሚሠራ ነው። አንድ ኪሎግራም የብረት መለኪያ አየር ውስጥ ነው ያለው፤ የአርኪሜዲስ ሕግ ደግሞ ለውሃ ብቻ አይደለም። በባሕር ወለል አካባቢ አየሩ ያንን ብረት 150 ሚሊግራም ያህል ወደ ላይ ያነሳዋል። ተራ ሰው ይህን አይቆጥረውም፤ የመድኃኒት ፋብሪካ ሚዛን ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ልዩነት ያያል። ስለዚህ የክፍሉ ሙቀት፣ ግፊትና እርጥበት ይመዘገባል፣ እርማቱ ይሰላል፣ የስህተት ወሰኑ ይጻፋል። አይኤስኦ/አይኢሲ 17025 የሚባለው የቤተ ሙከራዎች መስፈርት ላይ የተጻፈው ብዙው ነገር ጥሩ የላብ መምህር ሲወተውታችሁ የኖረው ነው፦ ቀኑን ጻፉ፣ ማን እንደለካ ጻፉ፣ አትሰርዙ፣ ከሰረዛችሁ የተሰረዘው ይነበብ።

ሥራው ጸጥ ያለ ነው። አንዳንዱ ሰው ይሰለቸዋል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከዓመታት በኋላ ሰለቸኝ። ነገር ግን ሁለት ነገር ይዤ ወጣሁ፤ የስህተት ወሰን ማስላትና ሰነድ መያዝ። ለሕክምና ፊዚክስ ስወዳደር ከሁሉ በላይ የተጠየቅሁት ስለ እነዚህ ነው።

የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሕሙማኑም አያውቁም፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አያገኙንም። ሐኪሙ ዕጢው ላይ ምን ያህል መጠን መሰጠት እንዳለበት ይወስናል። ያ መጠን በእርግጥ ከማሽኑ መውጣቱን፣ በትክክለኛው ቦታ መድረሱን፣ ጤነኛው አካል መትረፉን የምናረጋግጠው እኛ ነን። አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎግራም ቁስ ውስጥ አንድ ጁል ኃይል መቅረት ማለት ነው። በተለመደው አሰጣጥ በቀን ሁለት ግሬይ ይሰጣል። ይህ ውሃን ቢያሞቅ ከአንድ ሺኛ ዲግሪ በታች ነው የሚጨምረው፤ ሕዋስን ግን ይገድላል። ይህን ያህል ጥቃቅን የሆነ ነገር በትክክል መለካት ነው እንግዲህ ሥራው።

ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚ ሳይገባ ማሽኑ ይፈተሻል። የሚወጣው መጠን ከሚጠበቀው ከ3 በመቶ በላይ ከራቀ ሕክምና አይጀመርም። በየወሩ ደግሞ ጠበቅ ባለ ወሰን፣ በ2 በመቶ፣ ይፈተሻል። የምንለካው አዮናይዜሽን ቻምበር በምንለው መሣሪያ ነው፤ ውስጡ ያለው ተራ አየር ነው። ጨረሩ አየሩን ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ ዘንድ ይለውጠዋል፣ እኛ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ሙል እንቆጥራለን። አየሩ ከውጪው ጋር ስለሚገናኝ ብዛቱ በሙቀትና በግፊት ይለወጣል። ይህን የምናስተካክልበት ቀመር የሁለተኛ ደረጃ የጋዝ ሕግ ነው። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ እርማቱን ያላደረገ ሰው መጠኑን በዚያው ያህል ይስታል። ለዚህ ነው ባሮሜትሩ ራሱ ካሊብሬት የሚደረገው፤ ካሊብሬት የሚያደርገው ደግሞ ቀድሞ እኔ የነበርኩበት ዓይነት ቤተ ሙከራ ነው።

ወደዚህ ሙያ መግባት ለምትፈልጉ መንገዱ ረጅም መሆኑን እወቁ። የመጀመሪያ ዲግሪ በፊዚክስ፣ ከዚያ በሕክምና ፊዚክስ ማስተርስ፣ ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ተግባራዊ ሥልጠና ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ይህ የመጨረሻው ሥልጠና ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ይመክራል። ማስተርስ ብቻ ይዞ የሕሙማን ክፍል ውስጥ ለብቻ መቆም አይቻልም፤ መቻልም የለበትም። ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሥልጠና ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መኖሩን ጠይቁ። ኢጣሊያ ትሪየስቴ ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሰጠው ማስተርስ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ነው። ማዕከሉን ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 ያቋቋሙት ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ሳይንቲስቶች ከዓለም ተነጥለው እንዳይቀሩ ብለው ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቃን ለዶክትሬት የሚያዘጋጅ የአንድ ዓመት ዲፕሎማም አለው።

ሌሎች መንገዶችን የማውቀው በጓደኞቼ በኩል ነው፤ ስለዚህ አጠር አጠር አድርጌ ልንገራችሁ።

ኬሚስትሪ ከተማሩት አብዛኞቹ የሚሠሩት በመድኃኒት፣ በምግብ፣ በውሃና በማዕድን ምርመራ ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ኤችፒኤልሲ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ አቶሚክ አብዞርብሽን የሚባሉትን የናሙና መመርመሪያ መሣሪያዎች ነክታችኋል ወይ ነው። መሣሪያው ዩኒቨርሲቲያችሁ ውስጥ ተቆልፎበት ከሆነ የማስተርስ ተማሪዎችን ናሙና ለማዘጋጀት በነጻ እገዛ አድርጉ፤ የማውቃት ልጅ በዚህ መንገድ ነው ከሁሉ ቀድማ የተቀጠረችው። መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ «ያልተጻፈ አልተሠራም» የሚል ሕግ አለ፤ ደብተር መያዝ የማይወድ ሰው እዚያ አይበረክትም።

አየር ጠባይ ትንበያ ፊዚክስ ለተማረ ሰው ቅርብ ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ለሜትሮሎጂስቶች ያወጣው የመሠረታዊ ትምህርት መስፈርት አለ፤ የፊዚክስ ምሩቅ ሂሳቡንና ፊዚክሱን ይዞ ስለሚመጣ በተጨማሪ ሥልጠና ሊያሟላው ይችላል። በ1922 ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የስድስት ሰዓት ትንበያ በእጅ አስልቶ ያሳተመው ውጤት በስድስት ሰዓት ውስጥ ግፊቱ በ145 ሄክቶፓስካል ይለወጣል የሚል ነበር፤ ከእውነታው ጋር የማይገናኝ ቁጥር። እኩልታዎቹ ግን ትክክል ነበሩ፤ ችግሩ የመነሻው ዳታ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሮቹ የሚፈቱት ከነዚያ እኩልታዎች የመጣውን ነው። ተረኛ ትንበያ ሠሪ ሌሊትም ይሠራል፤ ይህን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።

የምድር ፊዚክስ የተማሩት ውሃና ማዕድን ፍለጋ ላይ ናቸው። አራት የብረት ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ በሁለቱ የኤሌክትሪክ ጅረት መላክ፣ በሁለቱ ቮልቴጅ መለካት፤ ከሱ ከመሬት በታች ውሃ ያዘለ ንብርብር አለ የለም ብሎ መገመት። ፀሐይ የሚወድ፣ እግር የሚበረታ ሰው ሥራ ነው።

ሶላር ላይ ያሉት እየበዙ ነው። እዚህ የፊዚክስ ልጅ የሚለየው ፓኔሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። የሲሊከን ሴል በእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ 0.3 እስከ 0.4 በመቶ ኃይል ያጣል፤ ጣሪያ ላይ 60 ዲግሪ የደረሰ ፓኔል ከአሥር በመቶ በላይ ቀንሷል። ይህን ያላሰበ ንድፍ ደንበኛ ያጣላል።

ሶፍትዌርና ፋይናንስ የሄዱት ገንዘቡ ከሁላችንም ይበልጣል፤ ደብቄ አልናገርም። የፋይናንስ ውሎች ዋጋ የሚሰላበት የ1973ቱ የብላክና ሾልስ እኩልታ ተለዋዋጮቹ ሲቀየሩ የሙቀት መተላለፊያ እኩልታ ይሆናል፤ ሙቀትን ያጠና ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ዌብን በ1989 ሰርን ውስጥ ያመነጨው ቲም በርነርስ ሊም የፊዚክስ ምሩቅ ነው። ነገር ግን ፊዚክስ የምትማሩት ፕሮግራመር ለመሆን ብቻ ከሆነ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሩ፤ አጭሩ መንገድ እሱ ነው። የፊዚክስ ምሩቅ ከፕሮግራመሮች መካከል የሚፈለገው ከዳታው ጀርባ ሞዴል መሥራት ሲያስፈልግ ነው።

ምርምርና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ብዙዎቻችን ስንጀምር ያሰብነው መድረሻ ነው። ዶክትሬቱ አውሮፓ ውስጥ ባመዛኙ ከሦስት እስከ አራት ዓመት፣ አሜሪካ ውስጥ አምስትና ስድስት ዓመት ይፈጃል። በፊዚካል ሳይንስ ብዙ ቦታ ተማሪው ይከፈለዋል፤ ለዶክትሬት ራሳችሁ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ሁለት ጊዜ አስቡ። ከዚያ በኋላ ፖስትዶክ የሚባል የሁለት የሦስት ዓመት ኮንትራት ይመጣል፣ አንዳንዴም ሌላ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ፤ ከከተማ ከተማ፣ ከአገር አገር። ቋሚ ወንበሩ ከፈላጊው ቁጥር በጣም ያንሳል። ይህን እያወቀ፣ ጥያቄው እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ይሂድ። ሌላ ሥራ ስላጣ ብቻ የሚሄድ ግን ችግሩን በአምስት ዓመት አሻገረው እንጂ አልፈታውም።

ሁለተኛ ደረጃ ማስተማርን በመጨረሻ ያነሳሁት ስለናቅሁት አይደለም። ከክፍላችን ምርጡ አስተማሪ ሆኗል፤ ወዶ ነው። ሰው ሌላው ሁሉ ሲዘጋበት የሚገባበት በር ሲሆን ግን ተማሪዎቹ ወዲያው ያውቁታል።

ስለ ሲቪ አንድ ነገር ልበል። አሁን እኔም አንዳንዴ ተወዳዳሪ መራጭ ወገን እቀመጣለሁ። የሚመጣው ሲቪ በአብዛኛው የኮርሶች ዝርዝር ነው፤ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ስታቲስቲካል ሜካኒክስ፣ ሶሊድ ስቴት። ኮርሱን ሁሉም ወስዷል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይም አለ። ለእኔ የሚናገረኝ «በሶዲየም አዮዳይድ መለኪያ የአፈር ናሙና ለክቼ፣ የጀርባ ጨረር ቀንሼ፣ የስህተት ወሰኑን በፓይተን አስልቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ነው። መሣሪያ አለው፣ ድርጊት አለው፣ ውጤት አለው። የድጋፍ ደብዳቤም ከታዋቂው ፕሮፌሰር ይልቅ ስትሠሩ ካያችሁ ሰው ውሰዱ፤ «በክፍሌ ጥሩ ውጤት ነበራት» የሚል ደብዳቤ ብዙ አይረዳም፣ «መለኪያው ሲሸሽ ምክንያቱን ራሷ አገኘችው» የሚል ግን ይረዳል። ሲቪው ላይ የጻፋችሁት መሣሪያ ቃለ መጠይቁ ላይ መምጣቱ አይቀርም። እንዴት እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚሳሳት ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን እየሣላችሁ ማስረዳት የማትችሉትን አትጻፉ።